ለስምንት ሰው የተጠበሰ ተርኪ

ስልኩ ሲጮህ ቨርና ስትራውድ ተርኪውን ከጨው ውሃው እያወጣች ነበር። ሁለት እግሮቹን ይዛ ከባልዲው በላይ አንጠልጥላዋለች። ውሃው ከሆድ ዕቃው እየተንዠቀዠቀ ይወርዳል፤ የብርቱካን ልጣጭና የጦስኝ ቅጠል ክንፉ ሥር ተለጣጥፏል። ሃያ ፓውንድ ነው፤ በስድሳ ሦስት ዓመት ወገብ ሲያነሱት ግን ከዚያም ይበልጣል። ስልኩ አምስት ጊዜ ጮኾ ዝም አለና ወዲያው እንደገና ጀመረ። በምስጋና ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ አከታትሎ የሚደውል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ታናሽ እህቷ ሎይስ።

ተርኪውን መጥበሻው ላይ አጋደመችና እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ስልኩን አነሳች።

"እየሰማሽ ነው አይደል የማታነሺው?" አለች ሎይስ።

"እጄ ጨው ውሃ ውስጥ ነበር። ደግሞ ደህና አደርሽ ማለትም አለ እኮ።"

"ደህና አደርሽ። ይመጣል ወይስ አይመጣም?"

"ይመጣል። ስድስት ሰዓት ላይ።"

ከሎይስ ኋላ የልጅ ልጆቿ በአንድ ነገር ሲጣሉና ሲንጫጩ ይሰማል።

"እንግዲያው እኛ አንመጣም" አለች። "ለብራድሊና ለሚስቱም ነግሬያቸዋለሁ። እዚሁ ዶሮ ቢጤ እንጠብሳለን።"

"ሎይስ፣ ለስምንት ሰው ነው የዘፈዘፍኩት።"

"ተርኪ ቀረብኝ ብዬ የማለቅስ መሰለሽ?"

"እሱን ማለቴ አይደለም።"

"ስሚኝ ቨርና። አንቺን አልተቀየምኩሽም። ከእስር የወጣ ሰው የሚበላበት ቤት ያስፈልገዋል፣ አንቺ ደግሞ ሰው መጣል አታውቂበትም፤ ይገባኛል። ግን ልጄን የገደለ ሰው ስኳር ድንቹን ሲያቀብለኝ እጄን ዘርግቼ ልቀበለው? አልችልም። ሞክሬ ነበር፤ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ሞከርኩት። አልቻልኩም።"

"እሺ።"

"ሲሄድ ወደኛ ነይ። አንቺ ብቻሽን እንድታመሺ አልፈልግም።"

"እሺ" አለች ቨርና ደግማ፣ ስልኩንም ዘጋች።

ሎይስ ያለችው ሰው የሁለቱም ታናሽ ወንድም ነው፤ ራንደል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በሐምሌ ወር፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ወንዝ ዳር ዓሣ ጠብሰው ሲጫወቱ በዋሉበት ቀን፣ ራንደል ጠጥቶ የቨርናን መኪና ነዳ። አብራው የነበረችው የሎይስ ልጅ ኬንድራ ነበረች። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ መኪናው ከመንገድ ወጣ። ራንደል ክንዱ ተሰበረ፤ ኬንድራ ግን እዚያው ቀረች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ራንደል ተፈርዶበት ገባ፤ ከወጣ ገና ስድስት ሳምንቱ ነው። ስፕሪንግፊልድ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይቶ ጎማ ቤት ይሠራል።

ቨርና ተርኪውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቃ በወረቀት ፎጣ ታደርቀው ጀመር። ቆዳው እርጥብ ከሆነ አይጠበስም፤ ይቀቀላል እንጂ። ክንፉን ገልጣ፣ ታፋውን ፈልቅቃ፣ ሆድ ዕቃው ውስጥ እጇን ሰዳ ጠረገችው። በትምህርት ቤት ማድቤት ለአራት መቶ ልጅ ማብሰል ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ይህን ዓይኗን ጨፍናም ትሠራዋለች። የለሰለሰ ቅቤ ላይ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ከትፋ ጨመረች፣ ነጭ ሽንኩርት ደቁሳ ጨመረች፣ ቁንዶ በርበሬውን ወቀጠችበት። ከዚያ ጣቶቿን በቆዳውና በሥጋው መካከል ቀስ አድርጋ አስገባች።

ይህን ለኬንድራ አስተምራታለች። ቨርና ልጅ አልወለደችም፤ ባሏም ከሄደ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ኬንድራ ግን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ አክስቷ ቤት ነበር የምትመጣው። ጥፍሯን ቀለም ተቀብታ እጇን ቆዳው ሥር መስደድ ትጠየፍ ነበር። "አክስቴ፣ ይሄ ነገር አቅፎ ያዘኝ እኮ!" እያለች ትጮህ ነበር። በስተመጨረሻ ግን አንድም ቦታ ሳትቀድ ቅቤውን እስከ ታፋው ታዳርሰው ጀመር።

ቨርና እግሮቹን በሲባጎ አሰረች፣ ሆዱ ውስጥ የተከተፈ ፖምና ሽንኩርት ሞላች፣ ኦቨኑን ከፍታ አስገባችው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከዚያ ዘወር ብላ ጠረጴዛውን አየችው። ትናንት ማታ ነው ያዘጋጀችው፤ ለራሷና ለራንደል፣ ለሎይስና ለባሏ ለግሌን፣ ለልጇ ለብራድሊና ለሚስቱ፣ ለሁለቱ ልጆቻቸው፤ ስምንት ሳህን፣ ስድስት ብርጭቆ፣ ለልጆቹ የፕላስቲክ ኩባያ። ልታነሳቸው እጇን ዘረጋችና ተወችው። ዶሮ ለአንድ ሰው ይጠበሳል፣ ዓሣም ይጠበሳል፤ ተርኪ ግን ለአንድ ሰው የሚጠበስበት መንገድ የለም። ቤቱ መሽተት ሲጀምር፣ ቅቤውና ቅጠሉ ኮሪደሩን አልፎ መኝታ ቤቷ ሲደርስ፣ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። የበዓል ሰልፍ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። አጠፋችው። በየግማሽ ሰዓቱ ኦቨኑን እየከፈተች መረቁን በማንኪያ እየጨለፈች ደረቱ ላይ አፈሰሰች። በመሃል ወንበር ስባ ማድቤቱ ውስጥ ተቀመጠች፤ ተነስታ ደግሞ ምንም ያልቆሸሸውን ጠረጴዛ ወለወለች።

ራንደል ከስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ ደረሰ። መንጃ ፈቃድ የለውም፤ እስር ቤት ሰው የሚጠይቅ አንድ ሽማግሌ ነው ያደረሰው። በሩ ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከጎን ሲያዩት የአባታቸውን ትከሻ ይዟል፣ ከፊት ሲያዩት ግን የሸሚዙ አንገት ሰፍቶት ሰውየው ውስጡ የጠፋ ይመስላል። በእጁ አንድ ቆርቆሮ የክራንቤሪ ማርማላታ ይዟል።

"ምን ይዤ ልምጣ ብዬ አሰብኩና" አለ። "እንዳትስቂብኝ።"

"ይሄን የቆርቆሮ ነገር አሁንም ትበላለህ?"

"እንደ ቋሊማ የሚቆረጠው ነው የሚጣፍጠኝ። አንቺ የምትሠሪው ፍሬ ፍሬ ይላል።"

"ፍሬ ፍሬ የሚለው ፍሬ ስለሆነ ነዋ፣ ቂል" አለች። አቀፈችው። የጎማና የሳሙና ሽታ ነበረው። ከአቀፈችው በላይ እሱ ያዛት፤ መልቀቅ ያለበት መቼ እንደሆነ የረሳ ሰው ይመስል ነበር።

ወደ ውስጥ ገብቶ ጠረጴዛውን አየ። ቆሞ ሳህኖቹን ቆጠረ።

"መቼ ነው የሚመጡት?"

"ጠዋት ደውላ ነበር" አለች ቨርና፣ ጀርባዋን ሰጥታው ኦቨኑን እየከፈተች።

"አይመጡም ማለት ነው።"

"አይመጡም።"

"በኔ ምክንያት።" ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። "ሰውዬው ገና ሩቅ አልሄደም። ልደውልለት፣ ይመለሳል። አንቺ ሎይስን ጥሪያት፣ ሄደ በያት።"

"ቁጭ በል።"

"ቨርና፣ እኔ ጠረጴዛሽን ባዶ ላደርግ አልመጣሁም።"

"ሦስት ቀን የለፋሁበትን ተርኪ ለማን ልስጠው? ለፖስተኛው? ኮፍያህን አውልቅና ቁጭ በል አልኩህ።"

አውልቆ ተቀመጠ። ቨርና ቴርሞሜትሩን ታፋው ላይ ወጋችው፤ ደርሷል። ተርኪውን አውጥታ በፎይል ሸፈነችው። ግማሽ ሰዓት ካላረፈ መረቁ ሁሉ ቢላዋውን ተከትሎ ይፈስሳል። እስኪያርፍ ድረስ ስጎውን አማሰለች፤ ራንደል ደግሞ ቆርቆሮውን ከፍቶ ክራንቤሪውን በጥንቃቄ ቆረጠ፣ አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ እያመዛዘነ። ስለ ሥራው ጠየቀችው። አለቃው ደግ ነው አለ፣ ብቻ ብዙ ያወራል። ስለ ክፍሉ ጠየቀችው። ከሁሉ የከበደው ጸጥታው ነው አለ። ሌሊት ማንም አያስልም፣ ማንም አይጮህም፤ ተነስቶ ሬዲዮ ይከፍታል።

"እኔም እከፍታለሁ" አለች ቨርና።

"አንቺ? አንቺማ እነሎይስ አሉሽ።"

ፎይሉን ገለጠች። ቆዳው የጠቆረ ማር መስሏል፤ ቢላዋው ሲነካው ተሰበረ እንጂ አልተቆረጠም። የደረቱን ሥጋ ዘልዝላ በሳህኑ አደረገችለት፣ ስጎ አፈሰሰችበት። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ስድስቱ ባዶ ሳህኖች በሁለቱም በኩል ተደርድረው ነበር።

ራንደል አንዴ ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነ። "እዚያ በየዓመቱ ይሰጡን ነበር" አለ። "ተርኪ ነው ይሉናል፣ እኛም አዎ ነው እንላለን። አንዱ ጓደኛዬ ከሱ ላይ ቆርጬ ለጫማዬ ሶል ላድርገው ይል ነበር።"

ቨርና ሳቀች። በሳህኑ ዙሪያ ግራ ክንዱን አጥር አድርጎ፣ አቀርቅሮ፣ በጣም በፍጥነት ይበላ እንደነበር ያየችው ያኔ ነው። እሱም እንዳየችው አየ። ክንዱን ቀስ ብሎ አነሳና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"ልነግራት ነው" አለች ቨርና።

ሹካው ቆመ። "ምኑን?"

"ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ።"

ያውቃል። በዓለም ላይ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ያን ቀን ኬንድራን ወደ ቤቷ ልታደርሳት ቃል የገባችላት ቨርና ነበረች። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ዓሣ ስትጠብስ ውላ እግሯ አብጦ ነበር፤ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ መነሳት አስጠላት። ራንደል መጥቶ እኔ አደርሳታለሁ አለ። ትንፋሹ ሸተታት። ዓይኑንም አየችው። አራት ማይል ነው፣ ምን ይመጣል አለች በልቧ፤ ከቦርሳዋ ቁልፉን አወጣችና ወረወረችለት። ኬንድራ ናት በአየር ላይ የቀለበችው፤ እየሳቀች። በኋላ ዳኛ ፊት ራንደል ቁልፉን ከቦርሳዋ ሳታየኝ ነው ያነሳሁት አለ። ማንም ቨርናን አልጠየቃትም። በመጀመሪያ ፈርታ ዝም አለች። በቀብሩ ዕለት ደግሞ ሎይስ የቨርናን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ "አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ" አለቻት፤ ከዚያ በኋላ እንዴት ይነገራል?

"ሰርቄ ነው ያነሳሁት" አለ ራንደል። "የተጻፈው እንደዚያ ነው።"

"አልሰረቅክም። እኔ ነኝ የሰጠሁህ። መስከርህን እያወቅኩ።"

"የጠጣሁት እኔ፣ የነዳሁት እኔ።"

"ንዳ ያልኩህስ?"

ሳህኑን ገፋ አደረገው። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "እኔ በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ስተኛ የምይዘው ነገር ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ሎይስ ልጇን አጣች፣ ወንድሟን አጣች፣ እህቷን ግን አላጣችም። ያን ያደረግኩላት እኔ ነኝ። በሕይወቴ የሠራሁት ደህና ነገር እሱ ብቻ ነው። አትውሰጂብኝ።"

ቨርና ለረጅም ጊዜ ስጎው ሳህኑ ላይ ሲረጋ አየች።

"በየዓመቱ እዚህ ተቀምጠን፣ ከመብላታችን በፊት፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያመሰግንበትን ነገር ይናገራል" አለች። "አንዱ ስለ ጤናው፣ አንዱ ስለ ሥራው። ሎይስ ተራዋ ሲደርስ ሁልጊዜ 'ስለ እህቴ' ትላለች። ሁልጊዜ። እኔ ሳህኔን አያለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ከኔ በላይ ብቻውን የሆነ ሰው የለም፣ ራንደል። አንተ ሬዲዮ ከፍተህ የምትሸሸውን ጸጥታ እኔ እዚያ መሃል ተቀምጬ ነው የምሰማው።"

ራንደል ተነሳና የሁለቱን ሳህን አጠበ፤ ያልተነኩትን ስድስቱን ወደ መደርደሪያቸው መለሰ።

ሽማግሌው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሩምባ ነፋ። ቨርና አንዱን እግርና የደረቱን ግማሽ ጠቅልላ ሰጠችው። በሩ ላይ፣ ኮፍያውን እያስተካከለ፣ "ከነገርሻት ለኔ ብለሽ እንዳይሆን" አለ።

"ለአንተ አይደለም።"

"ቤቷ አታስገባሽ ይሆናል።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው እሁድ እደውልልሻለሁ" አለና ደረጃውን ወረደ። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ አንዴ እጁን አነሳ።

ቨርና የቀረውን ተርኪ ብልት ብልቱን አወጣች። ታፋውን ከመገጣጠሚያው ለየች፣ ክንፉን ለየች፣ ለልጆቹ ደስ የሚላቸውን ቆዳ ለብቻው አደረገች። ሰፊ ትሪ ላይ ደርድራ በፎይል ሸፈነችና መኪናዋ ውስጥ አስገባች። ሎይስ ቤት አራት ማይል ነው። ሜዳው ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ ሰማዩ አመድ መስሏል። በየቤቱ ደጅ የእንግዳ መኪና ተደርድሯል። ድልድዩ ላይ ስትደርስ እንደ ሁልጊዜው ፍጥነቷን ቀነሰች።

በሩን የከፈተችው ራሷ ሎይስ ናት። ሽርጥ አድርጋለች፤ ሙቀቱና የልጆቹ ጩኸት አብሯት ወጣ።

"ሄደ?"

"ሄደ።"

ሎይስ ትሪውን አየች፣ ፊቷም ፈታ አለ። "አንቺ ሴትዮ! አመጣሽው? እነዚህ ልጆች ያንን ደረቅ ዶሮ እያዩ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀምጠዋል። ግሌንማ በስጎ ነው ያወራረደው። ግቢ ግቢ፣ ምን ብርድ ላይ ያቆምሻል?"

ቨርና አልገባችም። ከሎይስ ትከሻ በላይ ሳሎኑን አየች። ብራድሊ ሶፋው ላይ አንቀላፍቷል፤ ትንሿ ልጅ ሆዱ ላይ ተቀምጣ አፍንጫውን ትቆነጥጣለች። አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀረው። ኮቷን ታወልቃለች፣ ሰው ያጨበጭብላታል፣ ለዓመትም ያው ይሆናል። ትሪውን በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

"ሎይስ፣ ኮትሽን ደርቢና ውጪ። የምነግርሽ አለ።"

"ምን ሆነሻል? አመመሽ?"

"አላመመኝም። ልጆቹ እንዳይሰሙ በሩን ዝጊው።"

ሎይስ ኮት ሳትደርብ ወጣች፤ በሩንም ዘጋች። ቨርና ቆማ ነገረቻት። ረጅም ይሆናል ብላ ስትፈራው የኖረችው ነገር ሲነገር አጭር ነበር። ወንበሩን፣ እግሯን፣ ትንፋሹን፣ ቁልፉን። ለዳኛው የተባለው ውሸት እንደነበር። አላለቀሰችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም፣ ይቅርታ ብላ ብትጀምር ሎይስ ሳታስብ እሺ እንዳትላት ፈርታ።

ሎይስ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ጠቅልላ ትሰማት ነበር። ሲያልቅ መንገዱን አየች። ከዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ስትሄድ ምን ትመስል ነበር?"

"ትስቅ ነበር" አለች ቨርና። "ቁልፉን ከአየር ላይ ቀልባው ነበር። እንዲህ ከቀለብሽማ ለቤዝቦል ቡድኑ ትሆኛለሽ አልኳት። ያ ነው የመጨረሻው።"

ሎይስ ራሷን ነቀነቀች። ትሪውን አልነካችም። ዞራ ገባች፤ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ፣ ሳይጮህ፣ እንዲሁ በዝግታ።

ቨርና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ሞተሩን አስነሳች፣ ማሞቂያውን ከፈተች፣ እጇ መሪው ላይ ነበር። ቤት ውስጥ ጩኸቱ ቆሟል። የአንድ ሰው ጥላ በመጋረጃው አለፈ፤ የግሌን ይሁን የሎይስ አልለየችውም። አሁን ብትሄድ ማንም አይወቅሳትም። የተናገረችውን ተናግራለች፤ የቀረውን እነሱ እዚያ ውስጥ ያለቅሱታል፣ እሷም ቤቷ ሄዳ ሬዲዮዋን ትከፍታለች። ብትሄድ ግን ሎይስ ልትጮህባት፣ ልትሰድባት፣ ልትመታት ስትወጣ ባዶ መንገድ ነው የምታገኘው።

ሞተሩን አጠፋች። የወንበር ቀበቶዋን ፈታችና ኮቷን ጉልበቷ ላይ ደርባ፣ ከቤቱ በር ፊት ለፊት፣ እዚያው መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀች።